የኔ ነው ያልከው ኳስ

ኪልብራካን፣ ጎልዌይ
ኖቬምበር 12 ቀን 1998

ውድ ወንድሜ ኮልማን፤

እንዴት ሰነበትክ? የለንደን ቅዝቃዜ ጉልበትህን እንዳይቀሰቅስብህ እያሰብኩ ነው የምጽፍልህ። እኛ ደኅና ነን። ኤመት ከአውስትራሊያ የመጣበትን ፈቃድ አራዝሞ እስከ አባቱ እስከ ማላኪ የሠላሳ ቀን ቅዳሴ አብሮኝ ይቆያል። ጠዋት ጠዋት ላሞቹን የሚያልብልኝ እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላም ሳይነካ ኖሮ እጁ አልረሳም።

ያን ቅዳሜ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ደውለሃል፤ አምስቱንም ጊዜ ኤመት «እናቴ ጋደም ብላለች» ብሎሃል። ጋደም አላልኩም። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ድምፅህን እሰማ ነበር። በስልክ ከመንገር መጻፍ የመረጥኩት፣ አንተ ሰው ሲናገር በመሃል ቀልድ ጣል ካላደረግክ ስለማይሆንልህ ነው። ደብዳቤ መሃል መግባት አትችልም።

ስለ አበባው ላመስግንህ። የአበባው ጉንጉን ከመተለቁ የተነሳ በቤተ ክርስቲያኑ በር አላልፍ ብሎ ሁለት ሰዎች አጋድመው ነው ያስገቡት። ሰው ሁሉ «አይ ኮሊ! መቼም ሲሰጥ አይሰስትም» አለ። ካርዱ ላይ «ለታላቁ በረኛ» ብለሃል። እሱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ማላኪ ከነካርዱ እንዲቀበር አልፈለግኩም። አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ዕለት ምን እንደተፈጠረ ልንገርህ። አንተ ለሥራ ለንደን ስለነበርክ አታውቀውም።

ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማላኪ ሰፊው ክፍል ውስጥ በሣጥኑ ተኝቷል፤ መቁጠሪያው በጣቶቹ ተጠምጥሟል፣ የክለቡ ማሊያ እግሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ወጥ ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ጎረቤቴ ዴላ የካም ሳንዱች ትቆርጣለች፣ ኤመት ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሻይ ይቀዳል። ሬዲዮው የተከፈተው እንደ ወጉ የሟቾች ስም ሲነበብ እንድንሰማ ነበር። «ማላኪ ፋሂ፣ ኪልብራካን፣ በድንገት፣ በመኖሪያ ቤቱ» ሲባል ሁሉም አማተበ። እኔ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ዴላ ቀደመችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጊው! የኮሊ ፕሮግራም ሰዓት ደርሷል እኮ! ስለ ማላኪ አንድ ነገር ሳይል አይቀርም» ብላ ወደ ደብሊን ጣቢያ ቀየረችው።

እውነትም አልክ። በቅድሚያ የቀዳኸው ይሁን በቀጥታ የተናገርከው አላውቅም። መጀመሪያ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አማቼ፣ ወዳጄ፣ የዋሁ ማላኪ» ስትል ዴላ ቢላዋ በያዘ እጇ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ትንፋሽ ወሰድክ። ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ፤ ስምንት ዓመት ሆኖህ ከእማዬ መሳቢያ ስኳር ሰርቀህ ስትያዝ ጀምሮ አውቃታለሁ።

«ቅዱስ ጴጥሮስ ሆይ፣ አደራህን!» አልክ። «ለዚህ ሰው የፈለግከውን ሥራ ስጠው፤ በር ብቻ እንዳታስጠብቀው። ትንሽ ዞር ስትል ‹ግባ፣ ግባ፣ በሩ ክፍት ነው› እያለ የሲኦልን ሕዝብ ሁሉ ያስገባብሃል!»

ሳቁ። ምን ያድርጉ? ሃያ ሁለት ዓመት የለመዱት ሳቅ ነው። እኔም በልማድ ከንፈሬ ሊፈታ ሲል ኤመትን አየሁት። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ግቢ ወጣ። ሌላ አንድ ያልሳቁ ሰው ነበሩ፤ መምህር ጃርላት ኮይን። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እኔንም አንተንም ፊደል ያስቆጠሩን ሰውዬ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው በምርኩዛቸው ተነሱ።

«ኑአላ ልጄ፣ እስቲ አንዴ ወደ ውጭ ውጪልኝ» አሉኝ።

በረቱ አጠገብ ቆምን። ዝናቡ አባርቷል። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ዋንጫ ያሳጣችን ያቺ ጎል የማን ናት ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ዛሬ ይህን ማንሳት ምን ይረባል? የማላኪ ናት። አገር ያወቀው ነገር ነው።»

«አገር ምን ያውቃል? አገር ከአጥሩ ማዶ ነበር። እኔ ምሰሶው ሥር ነበርኩ።»

አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን በቀልድ ስታወራው ኖረህ እውነተኛው ተምታቶብህ እንደሆነ፣ መምህር እንደነገሩኝ ልጻፍልህ። ያን ቀን የጎል ዳኛ እሳቸው ነበሩ፤ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባንዲራቸውን ይዘው፣ ከማላኪ ሁለት ክንድ ርቀው ቆመዋል።

ዓመቱ 1967 ነው፣ የአውራጃው የሃርሊንግ ፍጻሜ፤ በዱላ ትንሽ ኳስ እየመታችሁ ያደጋችሁበት ጨዋታ። በሁለት ነጥብ እየመራን ነው፤ የቀረው ሁለት ደቂቃ ነው። ጎል ሦስት ነጥብ ነው፤ እሱ ካልገባብን ዋንጫው የኛ ነው። ኳሷ ከሜዳው መሃል ከፍ ብላ መጣች። ማላኪ ከጎሉ ወጣ፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሊይዛት አንድ እርምጃ ቀርቶታል። አንተ ከፊቱ ነበርክ። «የኔ ነው!» ብለህ ጮህክ። «የኔ ነው፣ ማላኪ! የኔ ነው!» እኛ ክለብ ውስጥ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀድሞ የጠራው ይወስዳታል፣ ሌላው ይለቃል። ከሰባት ዓመታችሁ ጀምሮ በዱላ እየተገረፋችሁ የተማራችሁት ነው። ማላኪ እጁን አውርዶ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰ። አንተ በእጅህ መያዝ ስትችል ዱላህን አነሳህ። በአየር ላይ እያለች ልትመታት፣ እስከ ሜዳው ጫፍ ልትልካት። ለምን? ለአውራጃው ቡድን ተጫዋች የሚመርጡት ሰዎች ተሰልፈው ተቀምጠዋላ! ዱላህ አየር ቀዝፎ አለፈ። ኳሷ መሬት ነጥራ በማላኪ ጎን ገባች። መምህር የጎሉን አረንጓዴ ባንዲራ አውለበለቡ።

ከመቀመጫችን ሆነን እኛ ያየነው ማላኪ ሲመለስ ብቻ ነው። ጩኸትህ በሕዝቡ ጩኸት ተውጧል። እኔና እማዬ ጎን ለጎን ነበርን። እማዬ «ምነው ሸሸ ይሄ ልጅ?» አለች። እኔ ጣቴ ላይ የእጮኝነት ቀለበቱን አድርጌ «እኔ እንጃ» አልኩ። አፍሬ ነበር ኮልማን። በእሱ አፍሬ ነበር።

መምህር የጨዋታውን ወረቀት ሊያስፈርሙ ወደ መልበሻ ክፍል ገቡ። ሰዉ ማላኪን ከቦ «ምን ነካህ? ምን ሆነህ ነው የለቀቅካት?» እያለ ይጮህበታል። አንተ ጥግ ይዘህ ፎጣ ተከናንበሃል። ማላኪ «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባችብኝ» አለ። ያን ጊዜ ፎጣውን ገለጥ አድርገህ አየኸው፤ መልሰህ ተከናነብክ። መምህር በሩ ላይ ቆመው አይተዋል።

በማግስቱ ማላኪ ቤት ድረስ ሄደዋል። «ጩኸቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ዝም አልልም» ሲሉት «የሰሙት ነፋስ ነው» አላቸው። ሲጫኑት ነው የተናገረው።

«መምህር፣ የእነ ኮልማን አባት ከሞተ ገና ስድስት ወሩ ነው። እናትየው የቆመችው በዚህ ልጅ ነው። መራጮቹ ነገ ከነገ ወዲያ ስሙን ሊጠሩት ነው። እኔ እንደሁ ላም አላቢ ነኝ፤ ኳስ ብስት ላሞቹ አይታዘቡኝም። ደግሞስ እህቱን ላገባ አይደል? የሚስቴን ወንድም አዋርጄ በየትኛው ማዕድ አብሬው ልቀመጥ ነው?»

ቃል አስገባቸው። እሳቸውም ጠበቁለት። «ዛሬ ያፈረስኩት ለአንቺ ብቻ ነው» አሉኝ፤ «ሣጥኑ አጠገብ ሳቅ ስሰማ አልቻልኩም።»

ወደ ቤት ስመለስ ስልኩ ጮኸ። አንተ ነበርክ።

«ሰማችሁት?»

«ሰማነው።»

«እንዴት ነበር? ሳቁ?»

ባሌ ከግድግዳው ወዲያ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ አንተ የምትጠይቀኝ ሳቁ ወይ ብለህ ነው። «ሳቁ» አልኩና ዘጋሁት። ይኸው ነው ምክንያቴ።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ለራስህ ብቻ መልስ። መቼ ነው የረሳኸው? የመጀመሪያውን ዓመት እንዳልረሳህ አውቃለሁ። ሠርጋችን ላይ ሚዜ ሆነህ ብርጭቆ አንስተህ ቆመህ ነበር። አንተ፣ አፍህ የማይዘጋው ሰውዬ፣ አንድ ቃል አልወጣህ ብሎ አልቅሰህ ተቀመጥክ። «እህቱን እንዴት ቢወዳት ነው!» ብለው የእናታችን እህቶች አብረውህ አለቀሱ። እኔም እንዲያ መስሎኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው ኖሬያለሁ። ይህን ደግሞ አሁን ወሰድክብኝ።

ማላኪን ክለቡ በቀጣዩ ፀደይ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ዱላ አልያዘም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምረው፣ የተቀደደ መረብ የሚሰፋው እሱ ነበር። አንተ ለአውራጃው ስድስት ዓመት ተጫወትክ። ጉልበትህ ሲከዳህ ሬዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ አደረገህ፤ ከዚያ መድረክ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። እማዬ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቶህን እየቆረጠች በብስኩት ቆርቆሮ ሞላች። ኮርተንብሃል፤ አልክድም። የሚያስቆጣኝ ማደግህ አይደለም። ወደ ላይ የወጣኸው በእሱ ትከሻ መሆኑ ሳያንስ፣ ላይ ከደረስክ በኋላ ቁልቁል እያየህ መቀለድህ ነው። መቀለድህ ካልቀረ ደግሞ በድምፁ። ያን ቀስ ያለ አነጋገሩን፣ ቆቡን ከፍ አድርጎ ለኳሷ ሰላምታ ሲሰጥ፣ «ግቢ እመቤቴ፣ በሩ ክፍት ነው» ሲል። እንዲህ ብሎ አያውቅም። አንተ ነህ የፈጠርክለት። ሕዝቡ ግን የሱ ንግግር አድርጎ ወሰደው።

እዚህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ማላኪ ሱቅ ሲገባ «ማላኪ፣ በሩን እንዳትዘጋው!» ይሉታል፤ ፈገግ ይላል። ገበያ ላይ ከብት ሊሸጥ ሲሄድ የማያውቀው ነጋዴ ሳይቀር ይለዋል፤ ፈገግ ይላል። ኤመት አስራ ሁለት ዓመቱ ላይ የልጆቹ ቡድን በረኛ ሆነ። ጎበዝ ነበር፣ ከአባቱ የወረሰው ዓይን አለው። አንድ ቀን የባላጋራው ሰፈር ልጆች ከመረቡ ጀርባ ተሰልፈው ጨዋታው እስኪያልቅ «በሩ ክፍት ነው! የአባትህ ልጅ፣ በሩ ክፍት ነው!» እያሉ ዘመሩበት። ቤት ሲገባ ዱላውን ምድጃ ውስጥ ከተተው። አባቱ ቆሞ ዱላው ሲቃጠል አየ። እኔ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» አልኩ። በሃያ አንድ ዓመቱ የዓለም ጫፍ ሄደ፤ እዚያ የማንም ልጅ እንዳልሆነ ነው የሚነግረኝ።

ጥፋቱን ሁሉ ባንተ ላይ ልከምር አይደለም። የኔም አለበት። የደብሊኑን ቲያትር ታስታውሳለህ? ፊት ለፊት ወንበር ይዘህልን፣ መብራት እንዲበራብን አድርገህ «ማላኪ፣ ተነስ! ቆብህን አንሳ!» አልከው። ተነሳ። ቆቡን አነሳ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ባቡር ውስጥ «ወንድምሽ ጎበዝ ነው» ብሎኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ደክሞት መሰለኝ።

ከዚህም የባሰ አለ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ኤመት ልሂድ ያለ ጊዜ ማላኪ «ተይው ይሂድ፤ አታስሪው» አለኝ። እኔ ነደደኝ። «አንተማ ምን ጊዜም ዞር ብለህ ማሳለፍ ነው የምታውቀው!» አልኩት። «ኳሷንም እንዲሁ አሳለፍካት፣ ልጄንም እንዲሁ ታሳልፍብኛለህ!» አንድ ቃል ይበቃው ነበር ኮልማን። «ወንድምሽን ጠይቂው» ቢለኝ ያበቃ ነበር። ጫማውን አጥልቆ ወደ ላሞቹ ሄደ። ሲመለስ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ፤ ስኳሩን እንደምወደው አድርጎ። ይቅርታ የጠየቀኝ መስሎኝ ተቀበልኩት። ይህን ይዤ ነው የማድረው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፎቶህን ለጥፈው አየሁ። «ኮሊ ሄሽን በኪልብራካን አዳራሽ። በሩ ክፍት ነው። ለማላኪ ፋሂ መታሰቢያ። ኖቬምበር 29፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።» ልጆች ኳስ የሚለማመዱበት ግድግዳ ሊሠሩና በስሙ ሊሰይሙት ነው። የክለቡ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ የምንወደውን ሰው በምንወደው ቀልድ እናስበው ብለው ነው። እኔም ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ወንበር እደረድርላቸው ነበር። እዚህ ማንም ሌላ ታሪክ አያውቅም። ያን ቀን ያቺ ቀልድ ከተነገረች ግድግዳው ላይ የሚጻፈው ስሙ ይሁን እንጂ ልጆቹ የሚያነቡት መሳቂያነቱን ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ።

ስለዚህ ና። አትምጣ አልልህም። መድረኩ ላይ ወጥተህ፣ የሱን ድምፅ ሳታወጣ፣ ያን ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ያን ቀን የጮህካትን ሁለት ቃል ድገማት። «የኔ ነው» በል። «ያ ጎል የኔ ነው» በል። ያን ቀን የሰሙህ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛውን ቀብረነዋል። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ቀልድ፤ እስክንፈነዳ አስቀን።

ለኤመት አልነገርኩትም። ከመምህርም ከኔም እንዲሰማው አልፈልግም። ፊት ለፊት ወንበር አጠገቤ ይቀመጣል። አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ካጎቱ አፍ ይስማ። አውሮፕላኑ በማግስቱ ነው።

መምህር ኮይንም ይመጣሉ። እሳቸው አይናገሩም፤ ለማላኪ ቃል ገብተዋል። እኔ ግን ለማንም ቃል አልገባሁም። እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል እጠብቅሃለሁ፤ ካላልከው እኔ እነሳለሁ። ድምፄ እንዳንተ ሩቅ አይሰማም፣ ግን አዳራሹ ትንሽ ነው።

ከፊት ያለውን ክፍል አልጋ አንጥፌልሃለሁ። የእማዬን የሱፍ ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ፤ ጉልበትህ ብርድ እንደማይወድ አውቃለሁ። ከአዳራሹ ስንወጣ አብረኸኝ ወደ ቤት ትመጣ እንደሁ ያን ቀን እናያለን። ካልሆነም ከተማ ውስጥ ሆቴል አለ።

እወድሃለሁ ኮልማን። ባልወድህ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ነበር የምልከው። እማዬ ለመንገደኛ ታደርግ እንደነበረው ፖስታውን በጸበል ረጭቼዋለሁ፤ ቀለሙ ቢፈስ በዚያ ነው። መንገድህን ያቅናልህ፣ አንደበትህንም እንዲሁ።

እህትህና የማላኪ ፋሂ ሚስት፣
ኑአላ

አንድ ነገር ረስቼ። ማላኪ «ላሞቹ የኮልማንን ድምፅ ካልሰሙ ወተት አይለቁም» እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮውን ይዞ በረት ይገባ እንደነበር ታውቃለህ፤ እሱንም መድረክ ላይ ተናግረኸዋል። ባለፈው ቅዳሜ እኔና ኤመት ሬዲዮውን ሳንከፍት አለብናቸው። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሰጡን።